የቅዳሜ ዘይት

ወንድሜ ሠርቶ የተዋቸው ሮቦቶች ሦስት ናቸው፤ ጢንዚዛ፣ አለቃ እና ቀብራራ። ስም ያወጣላቸው ራሱ ነው። ጢንዚዛ ስድስት እግር አላት፤ ስትሄድ ጠረጴዛውን እየቧጨረች ነው። አለቃ ሁለት ጎማ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ወረቀት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ተከትሎ ይሄዳል፣ ከመስመሩ ውጪ ሰው ይኑር አይኑር ግድ የለውም፤ አለቃ የተባለውም ለዚሁ ነው። ቀብራራ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ሲራመድ አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሰው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሦስቱ ውስጥ በድምሩ ሰባት ሞተር አለ፤ ከተሰበረ ቴፕ፣ ከአሻንጉሊት መኪና፣ ከተጣለ ማተሚያ የተፈቱ፣ አንዳቸውም ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ።

ወንድሜ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ሳንባው ውሃ ቋጠረ፣ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ፣ አበቃ። እሱ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ሦስት። ሮቦቶቹ በካርቶን ተደርገው እኔ የምተኛበት ክፍል፣ ቁም ሣጥኑ ሥር ገቡ። አባታችን ሌላ ከተማ ሌላ ቤት አለው፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ እናቴ፣ የእናቴ የስፌት መኪና እና ያ ካርቶን ነን።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ የላቦራቶሪው ሰውዬ መጣ። እኔም ወንድሜም የተማርንበት ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ቁልፍ ያዥ ነው፤ ግራጫ ጋዋኑን መንገድ ላይም አያወልቅም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ለልጆቹ የሥራ ክፍል ልንከፍትላቸው ነው፤ ያቺን መጋዘን አጽድተን። የልጅዎ ሥራዎች እዚያ ቢቀመጡ፣ የመክፈቻው ዕለት ደግሞ ሲሄዱ ቢያዩዋቸው ብለን... ይሄን የሠራው እዚሁ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው ብንላቸው...»

እናቴ እግሯን ከመርገጫው አላነሳችም። የያዘችውን እጅጌ ሰፍታ ጨረሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ይሄዳሉ» አለች። «አንድ ወር አልፎኝ አያውቅም፣ ስንከባከባቸው ነው የኖርኩት። ይሄ ልጅ ደግሞ ሞተር ቤት ነው የሚሠራው። ባትሪ ያደርግላቸዋል፣ ይሄዳሉ። መቼ ነው ያልከው?»

«የሚመጣው ሳምንት፣ ዓርብ።»

«ዓርብ ይዘን እንመጣለን።»

ሰውየው ከግቢው ሳይርቅ ወሬው ሠፈሩን ዞረ። እናቴ ስፒል በከንፈሯ ይዛ እንኳን ታወራለች። ልብስ ሊለኩ ለመጡት ሁሉ የልጇ ሥራ ሊታይ መሆኑን፣ ሰባት ዓመት እንዴት አድርጋ እንደጠበቀችው ነገረቻቸው። አንዷ ደንበኛ፣ «እስካሁን ይሠራሉ እንዴ? አርጅተው የለ?» ብትላት፣ ወገቧን በሜትር እንደያዘቻት ቀና ብላ፣ «አንቺ ስታረጂ መራመድ ልትተዪ ነው?» አለቻት። ሴትየዋ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም፤ ቁጥሩን ጻፈች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቦቶቹ ዓርብ ከሄዱ፣ እናቴ ሰባት ዓመት የጠበቀችው የልጇን ሥራ ነው። ካልሄዱ የጠበቀችው ካርቶን ነው። ይሄን ማንም አላለኝም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትረግጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ራሱ ፈጠን ብሎ ነበር።

እኔ የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ሰዎች ጠንካራ ነው ይሉኛል፤ አይደለሁም። ወንድሜ የሞተ ዕለት አላለቀስኩም፣ በኋላም አላለቀስኩም። እናቴ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ፣ «እሱ ሆዱ ውስጥ ነው የሚያለቅሰው» ትለው ነበር። ሆዴ ውስጥም የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ብዙ ሰዓት የተቀመጡበት እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ እግሩ አለ፣ ያንተ ነው፣ ብትቆነጥጠው ግን የተቆነጠጠው ሌላ ሰው ነው።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ካርቶኑን አወጣሁት። ስከፍተው የመጣብኝ ሽታ የአቧራ አልነበረም፤ የእናቴ እጅ ሽታ ነው፣ የስፌት መኪና ዘይት። ሮቦቶቹ አንድ ጭረት ሳይኖርባቸው ያብረቀርቃሉ። እያንዳንዳቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ የጨርቁ ጠርዝ ሁሉ ተቀምቅሟል። ለአለቃ አራት አዲስ ባትሪ አደረግሁለትና ማብሪያውን ተጫንኩት። ዝም። ጎማውን በጣቴ ገፋ ባደርገው ዞረ፣ ግን ማር ውስጥ ያለ ነገር ይመስል እየተጎተተ ነው። ጢንዚዛን ሞከርኩ፤ ዝም። ቀብራራን ሞከርኩ፤ አንድ እግሩን ፍንክች አደረጋትና ተዋት።

«እንዴት ናቸው?» አለች እናቴ ከወዲያኛው ክፍል።

«ደህና ናቸው። ትንሽ እነካካቸዋለሁ።»

ሐሙስ ዕለት በፌስታል አድርጌ ሥራ ቦታ ወሰድኳቸው። የምሠራው ሞተር ጥምጠማ ቤት ነው፤ የተቃጠለ የወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቬንቲሌተር ሞተር ይመጣል፣ የነደደውን መዳብ እናወጣና አዲስ እንጠመጥምለታለን። ባለቤቱን ሠፈሩ ፊውዝ ነው የሚለው፤ ነገር ሲበዛበት ቦግ ብሎ ይቃጠላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደህና ነው። ፊት ለፊቱ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ እኔን ህልመኛ ይለኛል፤ ሐሰት አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ያልተናደድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የፈተናውን ግማሽ ሰዓት መስኮቱ ላይ በምትሄድ ዝንብ ነበር ያሳለፍኩት።

ያን ዕለትም ልቤ የት እንደነበር አላውቅም። የቀብራራን አንዱን ሞተር ፈትቼ ትልቁ መሞከሪያችን ላይ ሰካሁት። መሞከሪያው ለመኪና መጥረጊያ ሞተር ነው፣ አሥራ ሁለት ቮልት ይሰጣል። ሞተሩ አልዞረም፤ አንዴ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ በጎኑ ቀጭን ጭስ ወጣ።

«አንተ ህልመኛ!» ፊውዝ ከነወንበሩ ዞረ። «ለጉንዳን የበሬ ቀንበር ትጭናለህ? ሦስት ቮልት የለመደች ነፍስ ናት እኮ! ደግሞ ታንቆ ለቆመ ሞተር! ሳትከፍተው፣ ሳታየው! እስቲ አምጣ።»

ተቀበለኝና የኋላ ክዳኑን የያዙትን ሁለት ምላሶች በካራ ጫፍ ቀና አደረጋቸው። ክዳኑ ሲወጣ ውስጡ እንደ ጫማ ቀለም የጠቆረ ጭቃ ነበር። ፊውዝ በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው።

«የስፌት መኪና ዘይት። ጥሩ ዘይት ነው፣ ርካሹ አይደለም። ማነው ያጠጣው? ጠላት አለህ እንዴ?»

«ዘመድ ነው።»

«እሱስ ዘመድ ነው። ጠላትማ ይሄን ያህል አይደክምም።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። እንዲህ ያለ ሞተር ውስጥ ከሚዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ትንሽ የመዳብ ቀለበት አለች፤ እሷን ከግራና ከቀኝ ሁለት ቅንጣት ካርቦን ይዳብሷታል። ኤሌክትሪኩ የሚገባው በዚያ ዳበሳ ነው። ካርቦኑ ሲፋተግ ጥቁር ብናኝ ያራግፋል፤ ደረቅ ከሆነ ብናኙ ይበናል፣ ዘይት ካገኘ ግን ተለጥፎ ጭቃ ይሆናል፣ መዳቡን ይሸፍነዋል፣ ሞተሩ ይደነቁራል።

ይሄን እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የተቀጠርኩ ሳምንት የአንድ ጭማቂ መፍጫ ካርቦን ላይ ዘይት ጠብ ሳደርግ ፊውዝ እጄን መትቶ፣ «ስማ! ኩሽኔታ ይጠጣል፣ ካርቦን ይጾማል!» ብሎኝ ነበር። ይሄን የመሰለ ነገር አንዴ ከሰሙት አይረሳም።

ቅዳሜንም አልረሳሁም።

እናቴ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናዋን ዘይት ትቀባለች። ቂጡን ሲጫኑት ጠቅ የሚል ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ አላት። መኪናዋን ስትጨርስ እኔ ወደተኛሁበት ክፍል ትገባለች፤ ካርቶኑን ስትስበው ይሰማኛል፤ ጨርቆቹን ስትፈታ ይሰማኛል፤ ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሰባት ጊዜ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቻለሁ። ግድግዳው ላይ እርጥበት ያወጣው እድፍ አለ፤ ደሴት ይመስላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነኝ። ሥራ ከገባሁ በኋላ ጠቅታውን ስሰማ ምን እያጠጣች እንደሆነ አሰብኩ። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ። ጎማውን ይሆናል የምትቀባው አልኩ። ተነስቼ ልየው አልኩ። አልተነሳሁም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ደሴቴ ሄድኩ። ክፋት አልነበረውም፤ ደግነትም አልነበረውም። ምንም አልነበረውም።

አሁን ጭቃውን ፊውዝ ጣት ላይ ሳየው፣ ይሄ ሁለት ዓመቱ የእኔ ነው አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት።

ፊውዝ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጠረጴዛውን እንድጠቀም ፈቀደልኝ። «የማን ናቸው?» አለኝ።

«የወንድሜ።»

«የሟቹ?»

«እ...»

ከመሳቢያው አንድ ጠርሙስ አልኮልና የጥርስ ብሩሽ አውጥቶ ገፋ አደረገልኝ። «ብሩሹ የእኔ ነው፣ አፍህ ውስጥ እንዳትከተው» አለና ወደ ፓምፑ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሥራ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ምን እንደተሰማህ አይጠይቅም። ክዳኑን ታወጣለህ፤ ዘንጉን ከማግኔቱ ስበህ ታወጣለህ፣ ማግኔቱ አልለቅም ብሎ ይይዝሃል፣ ከዚያ ድንገት ይለቅሃል። ሁሉን በአልኮል ታጥባለህ። መዳቡን በጥጥ ታብሳለህ፤ ጥጡ ጥቁር፣ ሌላ ጥጥ፣ ጥቁር፣ ሌላ፣ ቡናማ፣ ሌላ፣ ነጭ። መዳቡ ሲሠራ ጀምሮ በሦስት ቦታ የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቆቹ ውስጥ የገባው ጭቃ በጥጥ አይወጣም፣ በስንጥር ጫፍ መፋቅ አለበት፣ ካልወጣ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ይነጋገራል እንጂ አይዞርም። ካርቦኖቹን የያዙት ክንዶች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ብትተነፍስባቸው የሚታጠፉ። መልሰህ ስትገጥመው ሁለቱን ክንድ ከፍተህ ዘንጉን መሃል ታስገባለህ። ሁለት ጊዜ አበላሽቼ ሦስተኛው ላይ ገባልኝ።

የመጀመሪያው ሞተር በአንድ ባትሪ ሲዞር ድምፁ የጠገበች ዝንብ ድምፅ ነው። ግማሽ ሰዓት ያለ ሸክም አዞርኩት፤ ካርቦኑና መዳቡ እንደገና እንዲተዋወቁ። ሥራ ያቆመ ሞተር ወዲያው አይጫንም። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ይጀምርና እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ሲለሰልስ ተዋወቁ ማለት ነው።

ያቃጠልኩትን ሞተር እንደገና ጠመጠምኩት። እንዲያ ያለ ቀጭን መዳብ ጠምጥሜ አላውቅም። ፊውዝ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከላዬ ቆሞ፣ «ቁጠር! አፍህን ዘግተህ ቁጠር! ህልም ከመጣብህ ጀምረው!» ይለኛል። ህልም ሁለት ጊዜ መጣብኝ፣ ሁለት ጊዜ ጀመርኩት።

የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ማታ ሦስቱንም እናቴ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። አለቃ መስመሩን ይዞ ሄደ። ጢንዚዛ እንጨቱን እየቧጨረች ሄደች። ቀብራራ ተወዛወዘ፣ ሊወድቅ አለ፣ አልወደቀም። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ከዚያ እጇን አነሳችና፣ «አላልኩህም?» አለችኝ። «ብረት የሚሞተው በጥማት ነው። አላስጠማኋቸውም።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም አልኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስመጣ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፀጉሯን ተሠርታለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ሮቦቶች ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው አዲስ የዘይት ቆርቆሮ፣ በአበባ ጨርቅ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ።

«ይሄ ለትምህርት ቤቱ ነው» አለች። «በወር በወሩ ራሴ እየሄድኩ ነው የማጠጣቸው፣ ለሰው አላምናቸውም። ዛሬም ለመንገዳቸው ጠብ ጠብ አደረግሁላቸው። ደህና አድርጌ።»

«የት ላይ ነው ያደረግሽው?»

«እዚያችው ላይ ነዋ፣ ከኋላ ያለችው ቀዳዳ። ሁልጊዜ የማደርገው እዚያች ላይ አይደለም?»

አለቃን አበራሁት። አንድ ስንዝር ሄደ። ጎማዎቹ ተራ በተራ ተርገበገቡ፣ ቆመ። ጢንዚዛ ሦስት እግር አነሳችና እንደዚያው ቀረች። ቀብራራን አላበራሁትም።

እናቴ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ አለቃን አየች። «ምን ሆነ? አነሰው እንዴ?» ቆርቆሮውን ከከረጢቱ አወጣችና ጎንበስ አለች። እጇን ያዝኳት። የእናቴን እጅ ከያዝኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላውቅም፤ ጣቷ ጫፍ በመርፌ ብዛት ደድሯል።

«እማ፣ ተይው። ዘይቱ ነው።»

«ዘይቱ ምን?»

«ያቆማቸው ዘይቱ ነው።»

ለደንበኛ እንደማስረዳው አስረዳኋት። መዳቡን፣ ካርቦኑን፣ ብናኙን፣ ጭቃውን። ድምፄን ሰማሁት፤ ስለ ጭማቂ መፍጫ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳን አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አድርጋ፣ እንዳይወድቅ።

«ሰባቱንም?»

«ሰባቱንም።»

«ስታገኛቸውም እንዲህ ነበሩ? ካርቶኑን ስትከፍተው?»

«አዎ።»

«ባልነካቸው ኖሮስ?»

ትንሽ ይደርቁ ነበር፣ ባትሪ ስታደርጊላቸው አንዴ በጣት ገፋ ቢደረጉ ይነሱ ነበር። ይሄ ነው እውነቱ። «አላውቅም» አልኳት።

የስፌት መኪናዋ ላይ ያለውን ያላለቀ ቀሚስ አጠፈችው፣ እንደገና ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«አንተ መቼ አወቅክ?»

«የዛሬ ሳምንት» አልኩ። «ስከፍተው።»

ውሸቱ ሲወጣ አልከበደኝም። ከአፌ እንደ ማንኛውም ቃል ነው የወጣው።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች፣ መብራቱን አወረደች፣ ከመርፌ ማኅደሯ ቀጭኗን መርፌ መዘዘች። «አሳየኝ» አለችኝ። «ነገ ዓርብ ነው።»

አንዱን ፈታሁላት። ጭቃውን አየችው፤ አዲሱ ዘይት ገና ቀጭን ነበር፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው የጠቆረው። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸችው። እኔ አንድ ማታ ሙሉ የፈጀብኝን እሷ በመርፌዋ ጫፍ ከስንጥቁ እየጠረገች አንዱን በሩብ ሰዓት ጨረሰችው። ካርቦን የያዙትን ክንዶች በሁለት መርፌ ከፍታ ዘንጉን አስገባችው፤ አንዴ፣ ሳትስት።

«ፊውዝ ቢያይሽ እኔን ያባርረኛል» አልኳት።

«ያባርርህ። አንተ እጅህ ደህና ነው፣ ልብህ ነው የሚዞረው።» ቀና አላለችም። «ይሄኛው ምን ውስጥ ነበር?»

«ጢንዚዛ። የኋላ እግሮች።»

«ወንድምህ ይሄን ከማተሚያ ሲፈታው ጣቱን ቆርጦት ነበር። ጨርቅ ስጪኝ ብሎ የደንበኛ እራፊ ሰጠሁት።» ሞተሩን መዳፏ ላይ አድርጋ ባትሪውን እንዳስነካላት ጠየቀችኝ። ዞረ። እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ ዞረ። «ይኮረኩራል» አለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ይኮረኩራል ብላ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ ዝናብ ነው እንደሚባለው። ራት ሳይደርስ ሰባቱን ጨረስን።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ነበርን። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ሽታው ገና አልወጣም። አርባ የሚሆኑ ተማሪዎች ጠረጴዛውን ከበቡት፤ ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ፤ የላቦራቶሪው ሰውዬ «ውረድ! አንተ፣ ውረድ!» ይላል፣ ማንም አይወርድም። ስለ ወንድሜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ ሦስተኛው ጠፋበት፣ ወደ እኔ ዞረና «እስቲ» አለኝ።

አበራኋቸው። ሄዱ። ሦስቱም ሄዱ። ቀብራራ ጠረጴዛው ጫፍ ደርሶ አንዱ ልጅ ሲይዘው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንድ ልጅ «አካሄዱ የዳይሬክተራችንን አይመስልም?» አለና ጓደኞቹ እንዳይሰማ አፉን ያዙት። እናቴ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆማ ነበር። እጆቿን እርስ በርስ ይዛ፣ ዓይኗን ከሞተሮቹ ላይ ሳትነቅል፣ እያንዳንዷን ድምፅ እየሰማች።

የላቦራቶሪው ሰውዬ ማስታወሻውን አወጣ። «እትዬ፣ እንግዲህ እንክብካቤውን ይንገሩን። ዘይት በየስንት ጊዜው ነው የሚቀባው?»

እኔ አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«ዘይት አታስነኩ» አለች። ድምፅዋ ጮክ አላለም፣ ግን ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ዝም አሉ። «ይሄን ጻፈው። እኔ ባለማወቅ ሰባት ዓመት አጠጣኋቸው፣ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ከውጭ ያለውን የጎማውን ጥርስ ብቻ ቀቡ፣ የሞተሩን ውስጥ አትንኩ። ካርቦን አይጠጣም። በወር አንድ ጊዜ በትንሽ ባትሪ አዙሯቸው፣ ይበቃቸዋል። እንደኔ እንዳታደርጉ።» ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። «ያዳናቸው ይሄኛው ልጄ ነው። እሱም ያወቀው ባለፈው ሳምንት ነው። ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር።»

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ማን እንደጀመረው አላየሁም። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ክብደቱ ይሰማኛል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አይሰማኝም። አንዲት ልጅ አለቃ ወደ ኋላም ይሄድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የባትሪውን ሁለት ሽቦ ካቀያየሩለት ይሄዳል አልኳት፤ አቀያይሬ አሳየኋት። ሌላም ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፤ ምን እንደሆነ ረሳሁት።

ስንመለስ በእግራችን ነው የመጣነው። ባዶውን ካርቶን እኔ ይዣለሁ። እናቴ መንገዱን በሙሉ ስለ ልጆቹ አወራች፤ ዩኒፎርማቸው ስፌቱ የማይረባ እንደሆነ፣ ብብቱ ላይ ሁለተኛው ወር ሳይሞላ እንደሚተረተር። ትልቁ መንገድ ዳር ደርሰን መኪና እስኪያልፍ ቆምን።

«እማ» አልኳት። «አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ዘይቱን። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ። ሁለት ዓመት።»

አንድ የጭነት መኪና አለፈ፣ ከኋላው ሁለት ታክሲ። እናቴ መንገዱን እያየች ነው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስገባ ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማሽ ነበር። ነቅቼ ነበር።»

መንገዱ ባዶ ሆነ። አልተሻገረችም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰችው፣ ተንሸራተተ፣ እንደገና መለሰችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «የተኛህ መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ ነበር የምገባው። እንዳልቀሰቅስህ።»

ካርቶኑን ወደ ሌላኛው ብብቴ አዛወርኩት። መኪኖች እንደገና መጡ፣ እስኪያልፉ ጠበቅን፤ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ፣ አጥብቃ፣ እንደሚያምም አድርጋ፣ ተሻገርን።